የሲስተር ኤልዳና ሦስተኛ ፈተና

ሲስተር ኤልዳና ፈተናውን ለሁለተኛ ጊዜ የወደቁት በ2074 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ፈታኙ እኔ ነበርኩ። በትክክል ለመናገር ፈታኙ እኔ የሠራሁት ፕሮግራም ነበር፤ የእኔ ድርሻ አጠገቡ ቆሞ ማዘን ብቻ ነበር። በሰንበሌጥ ሆስፒታል ካሉት አራት መቶ አሥራ ሁለት ሠራተኞች አራት መቶ አሥራ አንዱ አልፈው ነበር። ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ አልፈዋል። የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት በነርስነት ያገለገሉት፣ የከተማውን ግማሽ ሕዝብ በስሙ የሚጠሩት ሴት።

እኔ አብነት እባላለሁ። ሆስፒታሎች አዲስ የሕክምና ሥርዓት ሲያስገቡ ሠራተኛው የሚማርበትን ዲጂታል ስልጠና አዘጋጃለሁ። ሰንበሌጥ የመጣሁት "ሰሚ" የሚባለውን ሥርዓት ላስተምር ነው። ሰሚ ከየአልጋው በላይ የተለጠፈ፣ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን የሚያህል ነጭ ክብ ነገር ነው። ነርስና ታካሚ የሚነጋገሩትን ይሰማል፣ ካርዱን ይጽፋል፣ መድኃኒቱን ያዛል፣ ሐኪም ማየት ያለበትን ለይቶ ይጠራል። ነርሷ ከወንበሩ ተነሥታ ስትሄድ መዝገቡ ይዘጋል። ለአንድ አልጋ የተመደበው መቶ አሥር ሴኮንድ ነው። ሰሚን ላማው አልፈልግም። ከእሱ በፊት ነርሶች የቀኑን ግማሽ ሲጽፉ ይውሉ ነበር፤ ታካሚውም የሚያየው አጎንብሰው ሲጽፉ አናታቸውን ነበር።

ችግሩ ሰሚ ግልጽ ነገር መውደዱ ነው። ስለዚህ የስልጠናዬ ዋና ትምህርት "ንጹሕ ንግግር" የሚባል ሆነ። ሰላምታ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቦታ፣ ሰዓት፣ ቁጥር። የት ያምዎታል፣ መቼ ጀመረ፣ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው። ሠራተኛው ከጠበቅሁት በላይ ፈጥኖ ለመደው፤ እንዲያውም ቤቱ ይዞት መሄድ ጀመረ። ትርንጎ የምትባል ወጣት ነርስ አለች፤ የዛሬ ልጆች ስም ወደ ቅድመ አያቶቻቸው ዘመን ተመልሷል። የትርንጎ የአራት ዓመት ልጅ ምሳ ይቅረብልህ ስትለው "ረሃቤ ሰባት ነው" ይላታል አሉ። የበሩ ጥበቃ ጠዋት ስገባ እንዴት አደርክ ማለቱን ትቶ "ድካም ስንት?" ይለኝ ጀመር። አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ደግሞ ለቅሶ ሄዶ ልጃቸው የሞተባቸውን እናት ሐዘንዎ ከአሥር ስንት ነው ብሎ ጠየቃቸው። ሴትየዋ ትንሽ አሰቡና ዘጠኝ አሉ። ይህን የነገሩኝ ሰዎች እየሳቁ ነበር፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለዋናው መሥሪያ ቤት በላክሁት ሪፖርት ላይ "ሠራተኛው ትምህርቱን የራሱ አድርጎታል" ብዬ ጻፍኩ።

ልምምዱ የሚሠራው በመነጽር ነው። መነጽሩን ያደረገ ሰው አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አልጋው ላይ አንድ ጢማቸው የሸበተ አዛውንት ያያል። ሰነዱ ላይ ስማቸው "ታካሚ አንድ" ነው፤ ነርሶቹ ግን "አቶ ግልጽ" አሏቸው። አቶ ግልጽ የተጠየቁትን ሁሉ ወዲያው ይመልሳሉ። ሆዴን በስተቀኝ፣ ከትናንት ስምንት ሰዓት ጀምሮ፣ ስድስት ከአሥር ይላሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። እንዲህ ያለ ታካሚ በመሥራቴ እኮራ ነበር።

ሲስተር ኤልዳና በሁለቱም ፈተና ጥያቄዎቹን በትክክል ጠየቁ፣ በጊዜው ጨረሱ፣ ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር አሉና አቶ ግልጽን "ሌላስ?" አሏቸው። አቶ ግልጽ የሚሉት ሌላ ነገር አልነበራቸውም። ፕሮግራሙ "መዝገብ ከተዘጋ በኋላ የተደረገ ንግግር" ብሎ አርባ ነጥብ ቀነሰና ጣላቸው። ያን ማክሰኞ መነጽሩን ሲያወልቁ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠየቅኋቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ውጤት ለማንበብ በጣም ተጠግተው ቆመው ነበር።

"ይሄንን አቶ ግልጽን ማን አሳደገው?" አሉኝ ሳይዞሩ። "ሰው የመጣበትን ጉዳይ ገና ሲቀመጥ ይናገራል? እንግዳ ሸኝተህ አታውቅም? ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዝናቡ ሲያወራ ይቆይና የአጥሩ በር ላይ ስትደርሱ ነው ልቡ ውስጥ ያለውን የሚያወጣው። በሽተኛም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ተመስገን ይላል። ጉዳዩን የሚነግርህ ልትሄድ ስትል ነው።"

እኔም በቁጥር መለስኩላቸው። በሩ ላይ የሚደረገው ጥያቄ በአማካይ አርባ ሴኮንድ ይወስዳል፤ ሃያ ስድስት አልጋ ላይ ሲባዛ ለአንድ ዙር አሥራ ሰባት ደቂቃ ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ዘጠኝ ታካሚ ይታይበታል አልኳቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ "እሺ ልጄ" ብለው ወደ ተረኛ ክፍላቸው ሄዱ። ያቺን እሺታ የሰማ የአገራችን ሰው ሁሉ ነገሩን እንዳልተቀበሉት ያውቃል። እኔ ግን አምኛቸው ቀረሁ።

ሦስተኛው ፈተና የመጨረሻ ነው፤ የሚካሄደውም በእውነተኛ ታካሚ ላይ ነው። አልጋውን በዕጣ የሚመርጠው ራሱ ሰሚ ነው። የወደቀ ነርስ ከአልጋ ዳር ይነሣል። ለሲስተር ኤልዳና የተዘጋጀላቸው ቦታ ምድር ቤት ያለው የአልጋ ልብስ ክፍል ነበር፤ የዝውውር ደብዳቤውም ቀኑ ክፍት ሆኖ ተጽፎ ነበር። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ዶክተር ሳምራዊት ቢሯቸው ጠርተውኝ፣ እሳቸው ራሳቸው ገና ተለማማጅ ሳሉ መርፌ መውጋት ያስተማሯቸው ሲስተር ኤልዳና መሆናቸውን ነገሩኝ። ደብዳቤውን ማስቆም እንደማይችሉ፣ ደንቡ ከእሳቸው በላይ እንደሆነም ነገሩኝ። እባክህ ከበሩ እንዳይመለሱ ለምንልኝ አሉኝ።

ለመንኳቸው። ትርንጎም ለመነቻቸው፤ ስትለምን አለቀሰች። ሲስተር ኤልዳና የትርንጎን ዕንባ በጋውናቸው ጫፍ ጠረጉላትና በቃ አልመለስም አሉ። ሁለታችንም ሰማን።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ከፈተናው አምስት ቀን በፊት፣ ምሳ ላይ፣ ትርፍ አንጀቴ ፈነዳ። በራሴ ስልጠና ያለፉ ሰዎች ተሸክመውኝ፣ በራሴ ስልጠና ባለፉ ሰዎች ተቀድጄ ተሰፋሁ። ስነቃ አልጋ አሥራ አራት ላይ ነበርኩ፤ ከአናቴ በላይ ያ ነጭ ሳህን አለ። ቁስሉ መግል ይዞ ስለነበር ለአምስት ቀን ከአልጋ እንዳልወርድ ታዘዘ።

በመጀመሪያው ጠዋት ትርንጎ መጣች። አንድ ጊዜ ሰላም አለችኝና ህመሜን ጠየቀችኝ። "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" አልኳት። ቁጥር ስትጠይቀኝ ሁለት አልኩ። ሰባት ነበር። ለምን ሁለት እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማንም አላስገደደኝም፣ የሚታዘበኝም አልነበረም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለውን ተረት የስልጠናው መክፈቻ ገጽ ላይ በትልቁ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ግን እናቴ ማንም ሲጠይቃት መጀመሪያ ተመስገን ትል ነበር፤ አባቴም ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው የጠየቁትን ሁሉ ደህና ነኝ እያለ ነው የሸኛቸው። አፌ ያደገው እዚያ ቤት ነው። ትርንጎ በዘጠና ሁለት ሴኮንድ ጨርሳ ሄደች። ሰሚ የማስታገሻውን መጠን ቀነሰ።

በማግሥቱም ሁለት አልኩ። ከዚያ አንድ። በአምስተኛው ቀን ሰሚ ታካሚው በጥሩ ሁኔታ እያገገመ ነው ብሎ ጻፈ፤ ያን ዕለት ከሰዓት ተነሥቼ በእግሬ ወደ ቤቴ እንድሄድም ወሰነ። እኔም ደስ አለኝ። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ የግራ እግሬን ባት ያመኝ ነበር፤ ይህንን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሆዱን ለተቀደደ ሰው ስለ እግር የሚጠየቅ ጥያቄ የለም፤ ጥያቄዎቹን ያወጣሁት እኔ ራሴ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ከብዙ መተኛት ነው አልኩ። ይቺን ይዤ ሰው ላስቸግር እንዴ ብዬም አሰብኩ።

ያው ቀን የሲስተር ኤልዳና ፈተና ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰሚ ዕጣውን አወጣ፤ አልጋ አሥራ አራት ወጣ።

ያን ጊዜ ላግዛቸው ወሰንኩ። ከእኔ በላይ ፈተናውን የሚያውቅ ማን አለ? አጭር እመልሳለሁ፣ አንድም ቅሬታ አላነሣም፣ በዘጠና ሴኮንድ እንዲጨርሱ አደርጋለሁ። አቶ ግልጽን ሆኜ ልተኛላቸው ተዘጋጀሁ። እግሬ ከሌሊቱ ይልቅ ከብዶኝ ነበር፤ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጌ ሸፈንኩት።

ሲስተር ኤልዳና ጋውናቸውን ተኩሰው መጡ። ዶክተር ሳምራዊትና ትርንጎ ከመስታወቱ ውጭ ቆመዋል። ሲስተር አንድ ጊዜ ሰላም አሉኝ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ጠየቁኝ። የት ያምሃል? ቁስሉ አካባቢ። ከመቼ? ከቀዶ ሕክምናው ጀምሮ። ስንት? ዜሮ። በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ ተኝቻለሁ። አንዲት ትርፍ ቃል አላወጣንም። ልቤ በደስታ ይመታ ነበር። ከወንበሩ ሲነሡ ግድግዳው ላይ ያለው የውጤት ሰሌዳ አረንጓዴ ሆኖ ዘጠና ስድስት ሴኮንድ፣ መቶ ነጥብ ብሎ ጻፈ። ትርንጎ ከመስታወቱ ወዲያ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ሲስተር ኤልዳና ወደ በሩ ሄዱ።

እጃቸውን እጀታው ላይ አድርገው ቆሙ። እኔ በልቤ ሂዱ፣ ሂዱ እላለሁ። በሩን ከፍተው አንድ እርምጃ ቢራመዱ ሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ይተርፍ ነበር። ቃል መግባታቸውንም አልረሱትም፤ ይህን በኋላ ራሳቸው ነግረውኛል። ግን ዜሮ አላልክም ነበር ወይ አሉኝ፣ በአምስተኛ ቀኑ ዜሮ የሚል የተሰፋ ሰው በሠላሳ ሦስት ዓመት አላየሁም።

ዞሩ። "አብነት፣ ሌላስ?" አሉኝ።

ሰሌዳው ቢጫ ሆነ። "ምንም የለም ሲስተር፣ እባክዎ ይሂዱ፣ አልፈዋል" አልኳቸው። ስናገር ቀይ ሆነ። አርባ ነጥቡ ሲወርድ ሁለታችንም አየነው። ከመስታወቱ ወዲያ ዶክተር ሳምራዊት ፊታቸውን አዙረው ወደ ቢሯቸው መሄድ ጀመሩ።

ሲስተር ኤልዳና ተመልሰው ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። "ወድቄያለሁ" አሉ ረጋ ብለው። "እንግዲህ ጊዜ አለን። ሌላስ?"

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። የግራ ባቴን ትንሽ ያመኛል፣ ከመተኛት ነው መሰል አልኩ። ብርድ ልብሱን ገለጡት። ሁለቱን እግሮቼን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ አንዱን ከሌላው ጋር አነጻጸሩ። ግራው አብጦ ያተኩስ ነበር። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። እግሬን እንዳላንቀሳቅስ፣ ከአልጋም እንዳልወርድ አዘዙኝ። ከዚያ ሰሚን ትተው በሩን ከፈቱና በዚያ ኮሪደር በሙሉ ድምፃቸው "ሳምራዊት" ብለው ተጣሩ። ዳይሬክተሯን በባዶ ስማቸው ሲጠሯቸው ከተለማማጅነታቸው ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ ዶክተሯም በሩጫ ተመለሱ።

ምርመራው ከጉልበቴ በላይ የደረሰ የረጋ ደም አሳየ። ዶክተር ሳምራዊት ምስሉን እያሳዩኝ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ያን ቀን ከሰዓት ተነሥቼ ደረጃውን ብወርድ ኖሮ ከረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ሳምባዬ ሊሄድ ይችል ነበር፤ እንደዚያ የሄደባቸው ብዙዎች አልተመለሱም። መዝገቤ ላይ የመጨረሻው ቃል "ዜሮ" ይሆን ነበር። የስልጠናዬ ሰነድም ታካሚው በጥሩ ሁኔታ ወደ ቤቱ ተሸኘ ብሎ ይቆጥረኝ ነበር።

መድኃኒቱ ተጀመረልኝ። ትርንጎና ዶክተሯ ሲወጡ ሲስተር ኤልዳና ቀሩ። አለቀስኩ፤ መደበቅም አልሞከርኩም። ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው አላውቅም ነበርና እግዜር ይስጥልኝ ብቻ አልኳቸው። እሳቸው ትራሴን አስተካከሉልኝ። ለሌላ ጊዜ ላግዛት ብለህ እንዳትዋሸኝ አሉኝ። ያን ሁሉ ተረድተውት ኖሯል።

ፈተናው ግን ፈተና ነው። የዝውውር ደብዳቤው በዚያው ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ቀኑ ተሞልቶ በራሱ ወጣ። ሕይወቴን ያተረፉት ሴት ምድር ቤት ወርደው አንሶላ ማጠፍ ጀመሩ። ትርንጎ እንደነገረችኝ አንሶላዎቹን በዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው ነበር የሚቆጥሩት፤ የአሮጌ ሰው ልማድ መሆን አለበት ብላ ነበር። ዶክተር ሳምራዊት ለበላይ ሦስት ጊዜ ጻፉ። የመጣው መልስ ሦስት ጊዜም አንድ ነው፤ ውጤት የሚለወጠው ፈተናው ሲለወጥ ብቻ ነው።

ፈተናውን የሚለውጠው ደግሞ አልጋ አሥራ አራት ላይ የተኛው ሰውዬ ነው። ኮምፒውተሬን ሆዴ ላይ አስቀምጬ አሥራ አንድ ቀን ሠራሁ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። በመጀመሪያ መዝገቡ የሚዘጋው ነርሷ ስትነሣ መሆኑ ቀረና በሩን አልፋ ስትወጣ ሆነ። ከዚያ አቶ ግልጽን እንደገና አሳደግኋቸው። አሁን ሲጠየቁ ተመስገን ይላሉ። ህመማቸውን ሁለት ይላሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ ያነሣሉ። የሚያሳስባቸውን ነገር የሚናገሩት የነርሷ እጅ እጀታውን ነክቶ ፊቷ ወደ እሳቸው ሲመለስ ብቻ ነው። ካልተመለሰች በጨዋ ደንብ ደህና ሁኚ ብለው ይሸኟታል። ድምፃቸው የእኔ ድምፅ ነው፤ እንደዚህ ያለውን ውሸት ከእኔ የተሻለ የሚናገር አላገኘሁም።

አዲሱ ፈተና ሲወጣ ደንቡ ሁሉም እንደገና ይፈተን አለ። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ሦስት መቶ ሰማንያው ወደቁ። ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ ወደቁ። ሲስተር ኤልዳና ከምድር ቤት መጥተው፣ መነጽሩን አድርገው፣ ለአቶ ግልጽ በሩ ላይ ሌላስ ብለው፣ የሰውዬውን ነገር ሰምተው ወጡ። መነጽሩን ሲመልሱልኝ "አሁን ትንሽ ሰው ወጥቶታል" አሉኝ። በማግሥቱ ወደ አልጋዎቻቸው ተመለሱ። ያቺ አሥራ ሰባት ደቂቃ ዛሬም በየዙሩ ላይ ትጨመራለች፤ የሚከራከረኝ ሲመጣ እግሬን አሳየዋለሁ።

በሚያዝያ ሥራዬን ጨርሼ ከሰንበሌጥ ልወጣ ሆነ። አንድ ጋቢ ገዝቼ ልሰናበታቸው ቤታቸው ሄድኩ። ከሰዓት ነበር፣ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ወጥቷል። ሻይ ቀዱልኝ፤ ትንሽ ከብርጭቆው ውጭ ፈሰሰና በፎጣ ጠረጉት። እንዴት ነዎት አልኳቸው። ደህና ነኝ፣ ተመስገን አሉ። ስለ ዝናቡ አወራን። ድንች ተክለው ነበር፣ ስለ እሱም አወራን። ትርንጎ ልጅ ደግማ ልትወልድ ነው፤ ያኛው ልጅ ደግሞ ረሃቡን በቁጥር መናገር ትቶ እንደ ሰው ልጅ ማልቀስ ጀምሯል አሉኝ። ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ከዚያ ተነሣሁ፣ እሳቸውም ሊሸኙኝ ተነሡ።

የአጥሩ በር ላይ ደረስን። መቀርቀሪያውን ይዤ ነበር። የፈሰሰው ሻይ ትዝ አለኝ፣ በጣት የሚቆጠሩት አንሶላዎች ትዝ አሉኝ፣ ያን ማክሰኞ ግድግዳው ላይ ተጠግተው የቆሙበት ነገር ትዝ አለኝ። ዞርኩ።

"ሲስተር፣ ሌላስ?"

ሳቁ። ተማርክ ማለት ነው አሉኝ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና የጋቢውን ጥለት በጣታቸው ይዳብሱ ጀመር።

"ቀኝ ዓይኔ" አሉ። "ከመስከረም ወዲህ የማየው በጭጋግ ውስጥ ነው። አሁን ግራውም ጀምሮኛል።"

ለምን እስከ ዛሬ አልተናገሩም አልኳቸው።

"ማን ጠየቀኝ?" አሉ።

የአጥሩን በር ዘጋሁና ተመልሰን ገባን።